ስድስቱ ቀይ ስፌቶች

«ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ወደ አፏ አላስጠጋችውም» አለች አክስትየዋ፣ አጠገቧ ለተቀመጡት ለቅሶ ደራሾች። «ሲጋራ ተውኩ አለች፣ ተወች። በቃ። እህቴ ቃሏ አንድ ነበር።»

ቁልፌ የሻይ ትሪ እንደያዘች ባለችበት ቆመች። ውሸት ነው። እናቷ በሰባት ዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ አጭሳለች፤ ስድስቱንም ጊዜ ራሷ ለሰፈሩ አውርታዋለች። ግን በለቅሶ ሁለተኛ ቀን፣ ዓይኗ በእንባ ያበጠን አክስት በሰው ፊት «ዋሸሽ» አይሏትም። ሻዩን አድላ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ሰዉ የተቀመጠው በሟቿ የልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ነው። መኖሪያቸው እዚያው ሕንፃ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ቢሆንም ሽማግሌዎቹ ደረጃውን አይችሉትም። ስለዚህ የስፌት መኪናዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፉ፣ መቁረጫው ጠረጴዛ የብርጭቆ ማስቀመጫ ሆነ፣ ወንበር ከየጎረቤቱ ተለቀመ። አንገትጌ ያልገባላቸው የተማሪ ዩኒፎርሞች ጥግ ላይ እንደተቆለሉ ናቸው። ማዕዘኑ ላይ ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት ስፍራ አለ፤ ሰማያዊው መጋረጃም እንደወትሮው ተንጠልጥሏል። ከትናንት በስቲያ ከሰዓት በኋላ የልብስ ሰፊዋ ልብ የቆመው ከዚህ መጋረጃ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ፣ እግሯ ከመኪናው ፔዳል ሳይነሳ ነው።

«ቁልፌ» የመዝገብ ስሟ አይደለም። በሁለት ዓመቷ የኮት ቁልፍ ውጣ ቤተሰቡን ሁለት ቀን ስላስጨነቀች እናቷ ያወጣችላት ነው። ቁልፉ በሰላም ወጣ፣ ስሙ ግን ቀረ። አሁን ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ሥራዋም ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተቀምጦ ውሃ የጠፋባቸውን ሰዎች ስድብ መቀበል ነው።

ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር፣ ሰፈሩ «ጋሼ ሾፌሩ» የሚላቸው፣ ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው የሚያንሾካሹኩ መሰላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሞተር ጋር ሲጯጯሁ የኖሩ ሰው ሹክሹክታ ከየት ያመጣሉ?

«ተወችው እንጂ ምን ጠቀማት?» አሉ። «እኔ በቀን አንድ ፓኮ እያጨስኩ ስልሳ ስድስት ሞላኝ። እሷ ትታም በስልሳ ሦስቷ ሄደች። ቀን ከጎደለ ጎደለ ነው።»

«ደረጃ ጠቀማት፣ ጋሼ» አለች ቁልፌ ከጓዳው በር። «የዩኒፎርም ጥቅል ተሸክማ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ሳታርፍ ትወጣ ነበር። እርስዎ ባለፈው ሊጠይቁን ሲመጡ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቁጭ ብለው ውሃ ያወረድንልዎት ተረሳ?»

ከወንበሮቹ መካከል አንድ ሁለት ሰው ሳቁን በመዳፉ አፈነ። ጋሼ ሾፌሩ አንገታቸውን ደፉ።

ክርክር ማሸነፍ ግን ሐዘን አያቀልም። ቁልፌ በጓሮው በር ወጥታ ግድግዳውን ተደገፈች። ከኋላዋ የሽማግሌው ኮቴ መጣ።

«አልተቀየምኩሽም ልጄ» አሉ። «የምለው ጠፍቶኝ ነው የቀባጠርኩት። እኔና እናትሽ እዚህችው ግድግዳ ሥር ሃያ ዓመት አብረን አጭሰናል።» እጃቸው በልማድ ወደ ኪሳቸው ገባ። ፓኮውን ከፈቱና ዘረጉላት። «አንዷን ያዢ። የእናት ሞት ቀላል ነገር አይደለም። ዛሬ አይቆጠርም።»

በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ሰው ሲጋራ ጋብዟት ሦስቱንም «ትቻለሁ» ብላ መልሳለች። የጣላት ሲጋራው አልነበረም፣ ቃሉ ነው። «ዛሬ አይቆጠርም» የሚለውን ከማለዳ ጀምሮ ለራሷ ስትለው ነበር፤ አሁን በትልቅ ሰው አፍ ተባለላት። ተቀበለች። የመጀመሪያው ጭስ አዞራት። ሁለተኛው ልክ እንደምታውቀው ነበር። እስከ ቂጡ አጨሰችው።

ከዚያ ጣቶቿን አሸተተች። አንድ መቶ አርባ አምስት ቀን ትታው ነበር። አፈረች፤ ያፈረችውም ጋሼ ሾፌሩን ሳይሆን ሰማያዊውን መጋረጃ ነው።

የመጋረጃው ነገር እንዲህ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት አንዲት ደንበኛ ለልጇ ያሰፋችውን ዩኒፎርም «አጠብኩት አጠብኩት፣ የሲጋራ ሽታው አልለቅ አለ» ብላ መለሰችው። ሰፊዋ መጀመሪያ በሴትየዋ ተናደደች፤ ቀጥላ በራሷ። ያን ቀን አላጨሰችም። በማግስቱ ጠዋት መርፌና ነጭ ክር አንስታ የመለኪያው መጋረጃ ጠርዝ ላይ አንዲት ስፌት ሰፋች። በማግስቱም አንዲት። ሕጓ አጭር ነበር፤ የሚሰፋው ያለፈ ቀን ብቻ ነው።

በሃያኛው ቀን መብራት ጠፍቶ፣ ሥራ ተከምሮ፣ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ሳለ አጨሰች። ሌላ ሰው ቢሆን መጋረጃውን አውርዶ ይደብቀው ነበር። እሷ ግን በማግስቱ ቀይ ክር አመጣችና አንዲት ቀይ ስፌት ሰፋች። ከዚያ በማግስቱ ወደ ነጩ ተመለሰች።

ልብስ ሊለካ የገባ ሁሉ ይጠይቃል። «ይቺ ቀይዋ ምንድን ናት?»

«የወደቅኩባት ቀን ናት» ትላለች እናቷ፣ ስፒሎቹን በጥርሷ እንደያዘች። «ከጎኗ ያለችውን ነጭ አላየሽም?»

አክስትየዋ ይህን ስትሰማ መሬት ብትውጣት ትመርጥ ነበር። «ሰው ገመናውን ይሸፍንበታል እንጂ መጋረጃ ላይ ይጠልፈዋል?» ብትላት፣ «ትናንት አጨስኩ፣ ዛሬ አላጨስኩም። የቱ ጋ ነው ገመናው?» አለቻት እህቷ።

ቁልፌ የራሷን መስመር ከእናቷ መስመር ሥር ሁለት ጊዜ ጀምራ ነበር። አንዴ አሥራ ሁለት ቀን፣ አንዴ ሠላሳ አንድ ቀን። ሁለቱንም ጊዜ አንዲት ሲጋራ ስታጨስ ሁሉንም ተረተረችው። ከተረተረችው በኋላ ደግሞ «እንግዲህ ምን ቀረኝ» ብላ ለወራት ታጨሳለች። በሁለተኛው ጊዜ መሬት ላይ ተቀምጣ ምላጭ እንደያዘች እናቷ ደረሰችባት።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ከአንድ ልጀምር ነዋ።»

«አንዲት ስፌት ጠመመች ተብሎ ሙሉ ኮት ይተረተራል?»

«ይሄ ኮት አይደለም፣ እማ።»

«ሠላሳ አንዱን ቀን ማን ኖረልሽ? ጎረቤት? አንቺ ነሽ የኖርሽው። የገዛ ቀንሽን የምትሰርቂ ሌባ ነሽ።»

ሳምንት ተኮራረፉ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጀምር እናቷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት፤ ምላጩ እሷ ጋ እንዲቀመጥ።

በሦስተኛው የለቅሶ ቀን ቁልፌ ገና ዓይኗን ሳትገልጥ ያማራት ሲጋራ ነው። ወዲያው የቆየው ሐሳብ መጣ። አንዴ ተበላሽቷል፤ ለቅሶው እስኪያልቅ ላጭስና ከዚያ ከአንድ እጀምራለሁ። ይህን መንገድ ታውቀዋለች። መጨረሻው ለወራት ማጨስ እንደሆነም ታውቃለች። ለቅሶ ደራሽ ሳይመጣ እየሮጠች ወደ ስፌት ቤቱ ወረደች። ልታያት የፈለገችው አራተኛዋን ቀይ ነበር፤ አያቷ የተቀበረች ቀን እናቷ ያጨሰችበትን። እናቷም የራሷን እናት ቀብራ ወድቃ ነበር። ከዚያች ቀይ ቀጥሎ ያለውን ነጭ በጣቷ መንካት ፈለገች።

መጋረጃውን ወደ መስኮቱ ጎተተችው። ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ። እስከ መጨረሻው ነጭ ነው። ዓይኗን አሸት አሸት አድርጋ እንደገና ጀመረች። ቀይ የለም።

ከዚያ ገባት። ሰባት ዓመት የቆየ ነጭ ክር ቢጫ ቢጫ ብሏል። በመካከሉ ግን ትናንት ከሱቅ እንደወጣ የሚያበራ ነጭ አለ። ቆጠረችው፤ ስድስት ነው።

አክስትየዋ ፔርሙስ ይዛ ስትገባ ቁልፌ ጠርዙን እንደጨበጠች ነበረች።

«ማን ነው የነካው?»

አክስትየዋ ፔርሙሱን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «እኔ ነኝ። የቀብሯ ቀን ጠዋት። ሰው ሁሉ እዚህ ሊቀመጥ ነው። ቀዩን እያየ እህቴን በሬሳዋ ላይ እንዲያማት አልፈለግኩም።»

«እሷ አታፍርበትም ነበር።»

«እኔ አፍርበታለሁ።» ወንበር ላይ ቁጭ አለች። «አራተኛዋን ታውቂያታለሽ?»

«አያቴ የተቀበረች ቀን።»

«ሲጋራውን የገዛሁላት እኔ ነኝ። ስታለቅስ ማየት አቃተኝ። ‹ዛሬ አይቆጠርም› ብዬ ሰጠኋት። እዚህ ቤት በገባሁ ቁጥር ያቺ ቀይ እኔን ነው የምታየኝ።»

የቁልፌ ንዴት በረደ። ቃሉ ያው ጋሼ ሾፌሩ ያሉት ነበር፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ።

«እሷ ምን አለችሽ?»

«አጨሰችዋ። በማግስቱ በማለዳ ጠራችኝና ‹ቀይ ክር አልቆብኛል፣ ሄደሽ ግዢልኝ› አለችኝ። ‹አይቆጠርም ተባብለን አልነበር?› ብላት ሳቀችብኝ። ‹ይቆጠራል እንጂ። የትናንቱ ካልተቆጠረማ የዛሬውንም ማን ይቆጥርልኛል?› አለችኝ።» አክስትየዋ እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች። ቁልፌም እናቷ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ረፋዱ ላይ ወንበሮቹ ሞሉ። ጋሼ ሾፌሩ ገቡ፣ ሻያቸውን ጠጡ፣ ከዚያም ለሐዘንተኛዋ ደግ የዋሉ መስሏቸው ኪሳቸውን መታ መታ አድርገው በዓይናቸው ወደ ጓሮው ጠቀሷት። ቁልፌ መጋረጃው ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ ትናንት አጨስኩ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት። «ዛሬ አላጨስኩም።»

ብርጭቆ የያዘ ሁሉ በያዘበት ቀረ።

«እናቴም ሰባት ዓመት አንዴ አልነካችም የተባለው ልክ አይደለም። ስድስት ጊዜ ወድቃለች። በማግስቱ ግን ትነሳ ነበር። እሷ ሲጋራ የተወችው እንደዚያ ነው፤ ሌላ ዓይነት መተው አታውቅም ነበር። ከእንግዲህ ማንም ሰው ዛሬ አይቆጠርም እንዳይለኝ። ይቆጠራል።»

«ኧረ ለቅሶ ቤት እንዲህ አይባልም» አለች አንዲት አሮጊት ከበሩ አጠገብ።

«ይባላል» አለች አክስትየዋ። «ቤቱ የእህቴ ነው። ትናንት ያወራኋችሁ ውሸት ነበር።»

ጋሼ ሾፌሩ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ ባዶውን። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ሦስተኛዋ ቀይ የኔ ናት» አሉ። «ጡረታ የወጣሁ ቀን ለምኜ ነው ያስጨስኳት። በማግስቱ እዚህ አስገብታ አሳየችኝ። ‹ይቺን አንተ ነህ ያሰፋኸኝ› ብላ ሰደበችኝ።» ሳቁ እንባ ቀላቅሎ ቤቱን ዞረው። ከዚያ ሰዓት በኋላ ስለ ሟቿ የሚወራው ሁሉ እሷን እሷን ይል ጀመር። ስድቧ፣ ግትርነቷ፣ ለአንድ ደንበኛ ሱሪ ሁለቱንም እግር ግራ አድርጋ ሰፍታ «ቀኝህ ነው የተሳሳተው» ያለችው ተነሳ። ቀኑ እንዲያ አለፈ።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ ሳሳ ሲል ሁለቱ መጋረጃውን አውርደው መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ምላጩ ከእናቷ መሳቢያ ውስጥ፣ በወረቀት እንደተጠቀለለ ተገኘ። አክስትየዋ ስድስቱን የሚያበሩ ነጮች ራሷ ተረተረቻቸው፣ ስድስቱንም ቀይ ራሷ መለሰቻቸው። አራተኛዋ ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆየች።

የቁልፌ መስመር ሦስት ቀን ሳይሰፋ ቆይቶ ነበር። እናቷ የሞተችበትን ቀን በነጭ ሰፋች። የቀብሩንም ቀን በነጭ። ቀዩን ክር ስታነሳ ግን የመርፌው ዓይን አልገኝ አላት። አክስትየዋ ወሰደችባት፣ የክሩን ጫፍ በከንፈሯ አርጥባ አስገባችውና መለሰችላት። ቁልፌ የትናንቱን ቀን ሰፋች። ትንሽ ጠመመች፤ ተወቻት።

የዛሬው ገና አላለፈም። መርፌው ላይ ነጭ ክር አስገብታ ከቀይዋ ቀጥሎ ጨርቁ ላይ ሰካችው፤ ለነገ ጠዋት።

ከዚያ ምላጩን ከጠረጴዛው አንስታ ወደ አክስቷ ዘረጋችው።

«አንቺ ጋ ይቀመጥ» አለች።

አክስትየዋ በዩኒፎርም ቁራጭ ጠቅልላ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።