አንድ ብልቃጥ ለሁለት

፩

ጉልበቱ አላበጠም።

ይመር ቀኑን ሙሉ የልብስ ስፌት መኪናውን ሲረግጥ ውሎ፣ አመሻሹ ላይ ሱሪውን ሰብስቦ ግራ ጉልበቱን ደጋግሞ ዳሰሰው። አይሞቅም። አያምም። እንደ ማንኛውም ሰው ጉልበት፣ ዝም ብሎ ጉልበት ነው። ይመር በሠላሳ ዓመት ዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር በገላው ላይ ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

ሊስቅ ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ ታናሽ ወንድሙ ኑሩ አቃሰተ።

ሳቁን ዋጠው።

፪

ከመሐል ስለጀመርኩት ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ይመርና ኑሩ የወይዘሮ ዘሃራ ልጆች ናቸው፤ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ነው ያደጉት። ሁለቱም ከተወለዱ ጀምሮ ሄሞፊሊያ አለባቸው። ደማቸው እንደ ሌላው ሰው ቶሎ አይረጋም። አጎታቸው ጥርሱን ተነቅሎ ደሙ አልቆም ብሎ ነው የሞተው። የበሽታው ክፋት ግን ወደ ውጭ የሚፈሰው ደም አይደለም፤ ወደ ውስጥ የሚፈሰው ነው። ደህና ተኝተው ያደሩ ሰዎች ጠዋት ሲነሡ ጉልበታቸው ወይም ክርናቸው ደም ሞልቶ ተወጥሮ ይጠብቃቸዋል። ሲደጋገም መገጣጠሚያውን ይበላዋል።

በሽታው በእናት በኩል ይወርዳል። ወይዘሮ ዘሃራ ይህን ከሐኪም አፍ ከሰሙ ወዲህ ልጆቻቸው ሲያቃስቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

፫

ዕጣ።

ሆስፒታሉ ውስጥ የደም ሕመም ጥናት ሊጀመር ነው ተብሎ ሁለቱም ተጠሩ። ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ሰናይት ነገሩን ሳትደባብቅ አስረዳቻቸው። አዲስ መድኃኒት መጥቷል፤ በየሳምንቱ ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ ደሙ ሳይፈስ በፊት ይከላከላል። ግማሾቹ ታማሚዎች እሱን ይወስዳሉ። ግማሾቹ እንደ ድሮው ሲደሙ ብቻ ይታከማሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ሁለቱ ምድቦች ይነጻጸራሉ። መድኃኒቱ ከሠራ፣ እስከ መጨረሻው የቆዩት ሁሉ ያገኙታል።

ማን የት እንደሚገባ የሚወስነው ኮምፒውተር ነው። ዕጣው ወጣ።

ይመር፦ መድኃኒቱ።

ኑሩ፦ መጠበቅ።

«ለእሱ ይሁንለት፤ እኔ እጠብቃለሁ» አለ ይመር።

«መቀያየር አይቻልም። እኔም ብሆን አልመረጥኩም፤ ኮምፒውተሩ ነው» አለች ዶክተሯ።

«እናት ስለሌለው ነው» አሉ ወይዘሮ ዘሃራ።

የሳቀ የለም።

፬ (ግማሽ)

ይመር መጀመሪያ ሆስፒታል ነበር የሚወጋው። በኋላ ራሱን መውጋት ተማረና ብልቃጦቹን በበረዶ ቦርሳ ይዞ ወደ ቤት መሄድ ጀመረ። ሲስተር ብርሃኔ እንዲህ ብላ ነው ያስተማረችው፤ የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ስትቀር።

እጅህን በሳሙና ታጠብ። ብልቃጡን አውጣና በክፍሉ ሙቀት ትንሽ ይቆይ። በሲሪንጅ ሳብ። የሆድህን ቆዳ ቆንጥጠህ ያዝ። ቀስ ብለህ ውጋ።

ግማሹ ላይ አቁም።

፬ (ሌላው ግማሽ)

ኑሩ የሒሳብ መምህር ነው። በዚያ ሰሞን ቀኝ ክርኑ ሦስተኛ ጊዜ ደምቶ ጠመኔ ማንሳት አቅቶት ነበር። ርዕሰ መምህሩ «እስኪሻልህ ሌላ ሰው እናስገባ» ብሎታል። ይህን የሚባል ሰው ተመልሶ እንደማይጠራ ኑሩም ይመርም ያውቃሉ።

ይመር የቀረውን ግማሽ በሁለተኛ ሲሪንጅ ይዞ መጋረጃውን ገለጠ።

«አብደሃል?» አለ ኑሩ። «ቢያውቁ ሁለታችንንም ያባርሩናል።»

«ሆድህን ግለጥ።»

«ያንተስ?»

«ግማሹ ለእኔ በቂ ነው።»

«ማን ነገረህ?»

ኑሩ ሲሪንጁን ብርሃን ላይ አንሥቶ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ በጤነኛው እጁ ቱቦው ላይ ያለውን መስመር አሳየው። «ግማሽ ከሆነ እዚህ ድረስ መሆን አለበት። አሳንሰህ ወስደሃል፤ ለእኔ አብዝተህልኛል» አለ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የሚያካፍለው ኑሩ ሆነ።

፭

ግማሽ መድኃኒት ምን ይሠራል?

ግማሽ።

የኑሩ ክርን ረገበ፤ ወደ ማስተማሩ ተመለሰ። የይመር ቁርጭምጭሚት አንድ ሁለቴ አበጠ፤ ከደንበኞቹ ጋር እየቀለደ፣ እግሩን ከመኪናው ሥር ደብቆ አሳለፈው። ወይዘሮ ዘሃራ ምንም ሳያውቁ «ዘንድሮ አላህ ቤታችንን አይቶታል» እያሉ ለጎረቤት አወሩ። ይመር ያን ሰሞን ደስተኛ ነበር ብል እውነት ነው። ፈርቶ ነበር ብልም እውነት ነው። በየወሩ ላቦራቶሪ ገብቶ ክንዱን ሲዘረጋ የሚቀዳው ደም የእሱ መሆኑ ያስጨንቀው ጀመር። አፉን ሊዘጋ ይችላል። ደሙን ምን ብሎ ዝም ያሰኘዋል?

፮

ከዚህ በታች ያለው በዶክተር ሰናይት ቢሮ የተባለው ነው። እኔ የጨመርኩበት ዝምታውን ብቻ ነው።

ሰናይት፦ ተቀመጥ ይመር። ደምህ ውስጥ ያለው መድኃኒት በግማሽ ወርዷል። የዘለልከው ሳምንት አለ?

ይመር፦ የለም።

ሰናይት፦ አምንሃለሁ። አንተ ቀጠሮ እንኳ አርፍደህ አታውቅም። እንግዲያው መድኃኒቱ ቤት ውስጥ እየተበላሸ ነው ማለት ነው።

ይመር፦ ቢበላሽ ምን ይሆናል?

ሰናይት፦ ቤት መውሰድ ይቀራል። ሁሉም በየሳምንቱ እዚህ መጥቶ ይወጋል።

ይመር፦ ከላሊበላ የሚመጡትስ? ያ በክራንች የሚሄደው ሰውዬስ?

ሰናይት፦ የቻለ ይመጣል። ያልቻለ ይወጣል። ከዚያም በላይ፣ መድኃኒቱ በእኛ አገር ሁኔታ አይሠራም ከተባለ ጨርሶ ላይመጣ ይችላል። ለማንም።

(ዝምታ።)

ሰናይት፦ ምነው? አመመህ?

(ዝምታ።)

ይመር፦ አልተበላሸም።

ሰናይት፦ ምኑ?

ይመር፦ መድኃኒቱ። ግማሹን ኑሩን እየወጋሁት ነው።

(ዶክተሯ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ታሻለች።)

ሰናይት፦ ለምን አልነገርከኝም?

ይመር፦ ብነግርዎት ይፈቅዱልኝ ነበር?

ሰናይት፦ አልፈቅድም ነበር።

ይመር፦ ስለዚህ ነዋ።

ሰናይት፦ ከጥናቱ ትወጣለህ። ሕጉ ነው፤ እኔ ላድንህ አልችልም። ኑሩ ያውቅ ነበር?

ይመር፦ አያውቅም! ቫይታሚን ነው ብዬው ነው።

ሰናይት፦ ይመር።

ይመር፦ ቫይታሚን ነው ያልኩት። ምን ያውቃል እሱ?

ሰናይት፦ ጥናቱን የሚቆጣጠረው ኮሚቴ እሱን ራሱን ይጠይቀዋል። ሳያውቅ ከሆነ ጥፋቱ ያንተ ብቻ ነው፤ እሱ ይቆያል፤ በመጨረሻም መድኃኒቱን ያገኛል። እያወቀ ከሆነ ግን አብሮህ ይወጣል።

፯

«ቫይታሚን ነው ብሎኝ ነው በል» አለ ይመር።

ኑሩ የተማሪዎቹን ደብተር እያረመ ነበር፤ ቀና አላለም። «መስመሩን ያሳየሁህ እኔ ነኝ» አለ።

«ያንን ማን አየ?»

«እኔ አየሁ።»

«ኑሩ፣ እኔ ወጥቻለሁ። አልቋል። አንተም ብትወጣ የእኔ መውጣት ምን ይጠቅማል?»

«ያንተን ድርሻ ስወስድ ከርሜ፣ አሁን ደግሞ አታለለኝ ልበልህ? በሰው ፊት?»

«በለኝ! ምን ቸገረህ? እኔ ነኝ በለኝ የምልህ።»

ኑሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ዓይኑ ቀልቷል። «አንተ አስቀድመህ ዋሽተህ መጥተህ በሩን ዘጋህብኝ» አለ። «እውነቱን ብናገር አንተን ውሸታም አደርግሃለሁ፤ ራሴንም እቀብራለሁ። ብዋሽ በየሳምንቱ መርፌው በገባ ቁጥር አንተን እየወጋሁ እኖራለሁ። የቱን ነው ምረጥ የምትለኝ?»

ወይዘሮ ዘሃራ በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል። መቼ እንደገቡ ማንም አላየም። ሁለቱም እሳቸው ምን እንደሚሉ ጠበቁ። እንዲህ ባለ ጊዜ እናት አንድ ነገር ትላለች ብለው።

«እኔን እንዳትጠይቁኝ» አሉ ወይዘሮ ዘሃራ። «እኔን ብቻ።»

ይመር እግሩን ጋቢው ሥር ሳበ። መድኃኒቱን ካቆመ ወዲህ ቁርጭምጭሚቱ መሞቅ ጀምሯል፤ ኑሩ እንዳያይበት ነው።

ኑሩ አይቷል።

፰

ኮሚቴው የተሰበሰበበት ክፍል በር አይገጥምም፤ ገርበብ ብሎ ይቀራል። ይመር ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ሆኖ የኑሩን ጀርባ፣ የዶክተር ሰናይትን ግማሽ ፊት፣ የሰብሳቢውን ሽማግሌ እጆች ያያል። ተነሥቶ እንዳይሄድ ያበጠው ቁርጭምጭሚቱ አያስኬደውም። ቁጭ ብሎ እንዳይሰማ ጆሮው አይዘጋም።

ሰብሳቢው ድምፃቸው ለስላሳ ነው።

«አቶ ኑሩ፣ እርስዎን ለመቅጣት አይደለም የጠራንዎት። ጥያቄው አንድ ነው። ወንድምዎ ሲወጋዎት፣ የሚወጉት ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር?»

ዶክተር ሰናይት ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረች።

ኑሩ ወንበሩ ላይ ዞረ። ገርበብ ባለው በር በኩል የወንድሙን ዓይን ፈልጎ አገኘው። ይመር ራሱን ነቀነቀ፤ አላውቅም በል፣ አላውቅም በል፣ አላውቅም።

ኑሩ ወደ ሽማግሌው ተመለሰ። በሲሪንጁ ላይ መስመሩን ያሳየበትን እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

ኑሩ፦