እውነተኛ ጠብ ይፈለጋል

በዚያ ሳምንት ሐዋሳን የሚያህል ከተማ ውስጥ ሁለት የተጣሉ ሰዎች ማግኘት አቃተኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከቤቴ እስከ ባጃጅ ተራው ስወርድ ሦስት ጠብ አልፌ ነው የምደርሰው።

የምሠራው በአንድ የባህል ጽሕፈት ቤት ነው፤ የበዓል ዝግጅት አስተባባሪ ነኝ። የበልግ ዝናብ ጀምሮ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፊቼ ጫምባላላ፣ ሲቃረብ እኛም ታቦር ሰፈር ላይ የራሳችንን ትንሽ ዝግጅት እናደርጋለን። ዘንድሮ አለቃዬ እስራኤል "ጭፈራና ምግብ ብቻ ሰለቸን፤ ዕርቁን እናሳይ" አለ። እውነቱን ነው። በፊቼ ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር ነውር ነው፤ የተጣላ ሰው ሽማግሌ ፊት ቀርቦ፣ ያደረገውን ተናግሮ፣ ታርቆ ነው ገበታ የሚቀርበው። እኔም አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ የአሥራ አምስት ደቂቃ ድራማ ጻፍኩ። የቢሮ ባልደረቦቼ ፍፁምና ጫልቱ በአጥር ድንበር የተጣሉ ጎረቤቶች ይሆናሉ፣ ሽማግሌ ያስታርቃቸዋል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። መጨረሻው መስመር ላይ "ጭብጨባ" ብዬ ሁሉ ጽፌያለሁ።

ለሽማግሌነቱ የቡሹሎውን ጋሽ ዱካሞን መረጥን። ስንቱን ያስታረቁ ሰው ናቸው፤ ፎቷቸውም ግርማ ስላለው ትልቅ ባነር ላይ አትመን ሰቀልነው። ሰውዬውን ለመጠየቅ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ቤት ሥራ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ አይግረማችሁ።

ጋሽ ዱካሞ ከእንሰታቸው መሃል ወጥተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ አጠገባቸው አስቀምጠውኝ በትዕግሥት ሰሙኝ።

"የተጣሉት እነማን ናቸው?" አሉ።

"ፍፁምና ጫልቱ ይባላሉ።"

"በምን ተጣሉ?"

"አልተጣሉም ጋሼ። እንደተጣሉ ሆነው ነው የሚሠሩት።"

"እኔ ፊት ቆመው በድንበር ተጣላን ይላሉ?"

"አዎ።"

"ድንበር አላቸው?"

"ፍፁም እንኳን የሚኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።"

"እንግዲያው ይዋሻሉ" አሉ። "ያልተጣላ ሰው አላስታርቅም።"

ድራማ መሆኑን፣ ድራማ ደግሞ ውሸት አለመሆኑን፣ ለወጣቱ ትምህርት እንደሚሆን፣ ለቱሪዝምም እንደሚጠቅም፣ ያልኩትን ሁሉ አልኩ። አፌ ደረቀ። እሳቸው አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ፤ "ሃላሌ"። ሲዳማ እውነትን እንዲህ ነው የሚለው፤ እሳቸው ሲሉት ግን እኔ ከማውቀው እውነት ከበድ ያለ ነገር ሆኖ ተሰማኝ።

"ሃላሌ ተጠርቶ ውሸት አይነገርም" አሉ። "ድራማ ቢሆንም የሚሰማው የኔው ጆሮ ነው። የተጣላ ሰው አምጪልኝ፤ እመጣለሁ። ካጣሽ ደግሞ ፎቶዬን አውርጂው።"

ባነሩን የት እንዳዩት እስካሁን አላውቅም።

እስራኤል ስነግረው እንደ መሳቅም እንደ መቆጣትም አደረገው። "ዘጠኝ ቀን አለሽ፤ ጠብ ፈልጊ" አለኝ። "እንግዳ ጠርቻለሁ። ሽማግሌው ከቀሩ መድረኩ ላይ ብቻሽን ነው የምትቆሚው። ለከርሞ ደግሞ አስተባባሪ ሌላ ሰው እናያለን።" አሥራ አንድ ዓመት የያዝኩት ሥራ ነው። ስለ ደሞዙ አይደለም፤ በዓል ሲደርስ ከተማው ሁሉ "ጽጌ የት አለች?" ሲል መስማት እወዳለሁ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ጠብ ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ የባጃጅ ሾፌሩን አብዱልሃሚድን ያዝኩ፤ ከተራ አስከባሪው ጋር በየማለዳው እንደሚናጩ ሰፈሩ ያውቃል። "እኔ ከማንም አልተጣላሁም" አለኝ፤ "እሱ ነው ከኔ የተጣላው።" ተራ አስከባሪው ጋ ሄድኩ። ቃል በቃል ያንኑ ነገረኝ። ሁለቱም ያልተጣሉ፣ ሁለቱም ግን የተኮረፈባቸው ሰዎች ናቸው። ትቻቸው ሄድኩ።

ከባጃጅ ተራው ወደ ላይ ስወጣ የሙንተሃን ልብስ ስፌት ቤት ማለፍ ግድ ነው። እንደ ወትሮው እኔ በሩ ጋ ስደርስ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቆመ፤ ካለፍኩ በኋላ ቀጠለ። ከካቻምና ጀምሮ እንዲህ ነው። ከሙንተሃ ጋር አልተጣላንም። አንነጋገርም፣ በቃ።

ቀጥዬ ክብሩና ብርቱካን ቤት ሄድኩ። እነዚህ ባልና ሚስት ጠባቸው ከራስጌዬ ባለው ግድግዳ በኩል ስለሚገባ በስንት ሰዓት እንደሚጀምር ሁሉ አውቀዋለሁ። ጉዳዬን ስነግራቸው ተያዩ። ክብሩ አንድ ማንጎ ልጦ ሚስቱን አጎረሳት። "እኛ እኮ ፍቅር ላይ ነን፣ ጽጌዬ" አለችኝ አፏ ሙሉ እንደሆነ። ወጥቼ በሩን ሳልዘጋ "ይኸው፣ ባንተ ጩኸት ስማችን ጠፋ" ስትለው ሰማሁ። ተመልሼ አንገቴን ባስገባ ሁለቱም ፈገግ ብለው ጠበቁኝ።

ስምንት ቀን እንዲህ አለፈ። እውነተኛ ጠብ ያላቸው ደግሞ ጠባቸው ፍርድ ቤት ነበር፤ ያንን መድረክ ላይ ማውጣት አልደፈርኩም። በስምንተኛው ቀን ፎቶው እንደሚወርድ ልነግራቸው ወደ ቡሹሎ ሄድኩ።

ጋሽ ዱካሞ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ "አንቺስ?" አሉኝ።

"እኔ ምን?"

"የተጣላሽው ሰው የለም?"

"የለም። እኔ የሰው ሆድ ማስከፋት አልወድም።"

"መንገድ ላይ ስታልፊ ሰላም የማትይው ሰውስ?"

"እሷማ አለች። ግን አልተጣላንም።"

የዚያን ጊዜ ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ሆዳቸውን ይዘው ነው የሳቁት። እኔ ደግሞ ፊቴ ሲግል ተሰማኝ፤ ገብቶኛላ።

ነገርኳቸው። ሙንተሃ ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ናት። እናቴ ስትሞት ሰባት ቀን ከቤቴ አልወጣችም። ካቻምና ለፊቼ ዝግጅት የደንበኞቿን ሥራ ሁለት ሳምንት ገፍታ የባህል ቀሚስ ሰፋችልኝ፤ ዋጋ ብጠይቃት ተቆጣችኝ። ያንን ለብሼ መድረክ ላይ ወጥቼ "የራሳችንን እናክብር፣ የሰፈራችንን እጅ ሥራ እንውደድ" ብዬ ንግግር አደረግኩ። ስወርድ አንዲት ጋዜጠኛ ማይክ ደቀነችብኝና "ቀሚሱ እንዴት ያምራል፤ ከየት ነው?" አለችኝ። እኔም "ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣሁት" አልኩ።

ለምን እንዳልኩት አትጠይቁኝ። ማይክ ፊቴ ሲመጣ ታቦር ላይ ያለች አንዲት ጠባብ ስፌት ቤት አነሰችብኝ። ሙንተሃ ስምንት የሰፈር ሴቶች ሰብስባ፣ ፈንዲሻ አፈንድታ፣ "አሁን ስሜን ታነሳለች" እያለች በቴሌቪዥን ታየኝ ነበር።

"እሷ ምን አለችሽ?" አሉ ጋሽ ዱካሞ።

"ምንም። እኔም አፍሬ ምንም አላልኩም። ከዚያ አንድ ሳምንት ሆነ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት።"

"ውሸቱ የተነገረው በምን ላይ ነው አልሽኝ?"

"ማይክ ላይ።"

"ነገ ማይክ አለሽ?"

"አለ" አልኩ።

"ፎቶዬን አታውርጂው" ብለው ወደ እንሰታቸው ተመለሱ። ዘወር ብለውም "የኔ ዕርቅ ለሲዳማ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ውሸት በአማርኛም ውሸት ነው" አሉኝ።

ከቡሹሎ በቀጥታ ወደ ሙንተሃ ሄድኩ። ከባጃጁ የወረድኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንድ ጊዜ ወርጄ መልሼ ገባሁ። ስገባ የስፌት መኪናዋ ቆመች። ቀና ብላ ሳታየኝ "ምን ይሰፋልሽ?" አለች፤ ልክ እንደ ማንኛዋም ደንበኛ።

የመጣሁበትን ነገርኳት፤ ስለ ጋሽ ዱካሞ፣ ስለ ማይኩ፣ ስለ ነገው። ክሩን በጥርሷ በጠስ አደረገች።

"ለበዓልሽ የተጣላ ሰው አጥተሽ ነው የመጣሽው?"

"አዎ።"

"ባታጪ ኖሮ ትመጪ ነበር?"

ሆዴ "አዎ በያት" ይላል። ያው ሆዴ ነው ካቻምናም "አዲስ አበባ በያት" ያለኝ። "አልመጣም ነበር" አልኩ። "ናፍቀሽኛል፤ ግን ፈሪ ነኝ፤ አልመጣም ነበር።"

"በይ፣ ዛሬ እንኳን አልዋሸሽም" አለችና መኪናዋን ረገጠችው። እመጣለሁም አልመጣምም አላለችም። ያ ድምፅ እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

በማግስቱ ያንኑ ቀሚስ ለመልበስ ወሰንኩ። ወገቡ አልገጥም አለኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ወፍሬያለሁ፤ የምታሰፋልኝን ሴት ደግሞ አላነጋግራትም። ሌላ ልብስ ሰፊ እንዳይነካው ሳስቼ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩትና በነጠላዬ ሸፈንኩት።

ሜዳው ግጥም ብሎ ሞልቷል። ዝናቡ ማለዳ አባርቶ ሣሩ ላይ ጭቃ ትቶልናል። ጋሽ ዱካሞ ዱላቸውን ይዘው መድረኩ መሃል ተቀመጡ፤ ሁለት ወንበር ፊታቸው ተደርጓል። አንዱ ላይ እኔ ተቀመጥኩ፤ ሌላው ባዶ ነው። ባዶ ወንበር እንዲህ ትልቅ መሆኑን አላውቅም ነበር።

"ሌላዋስ?" አሉ።

"ጠርቻታለሁ። አልመጣችም።"

እስራኤል ከታች ሰዓቱን እያሳየ እጁን ያወናጭፋል። ጋሽ ዱካሞ ግን አላዩትም፤ ቢያዩትም ሰዓት ምናቸው ነው።

"አንቺ ጀምሪ" አሉኝ። "ያኔም የዋሸሽው እሷ በሌለችበት ነው።"

ማይኩን ያዝኩ። "ይህንን ቀሚስ ካቻምና ከአዲስ አበባ አስመጣሁት ብያለሁ" አልኩ። "ዋሽቻለሁ። የሰፋችው እዚሁ ታቦር ያለች ሙንተሃ ናት። በነጻ ነው የሰፋችልኝ። እኔ ግን ስሟን መጥራት አነሰብኝ። ያነስኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።"

ሕዝቡ ድራማ መሆኑንና አለመሆኑን እየተጠያየቀ ይመስለኛል።

ከወደ ኋላ አንድ ድምፅ መጣ። "አይሰማም። ድገሚው።"

ሙንተሃ ናት። ስምንቱ ሴቶችም አብረዋት አሉ፤ አንዷም አልቀረች። ፈንዲሻ ብቻ ነው የጎደለው።

ደገምኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ የሚመጣውን እያወቁ ነውና። "ዋሽቻለሁ" የሚለው ጋ ስደርስ እንባዬ መጣ። ስጨርስ ሙንተሃ በጭቃው መሃል ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ሳትቸኩል፣ መድረኩ ላይ ወጣች። ማይኩን ከእጄ ወሰደችው። ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ነጠላዬን ገለጥ አድርጋ ወገቤን አየች።

"ስፌቱ የኔ ነው" አለች ለሕዝቡ። "ይቺ መርፌ ቁልፍ ግን የኔ አይደለችም።"

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። አብዱልሃሚድ ባጃጁ ውስጥ ሆኖ ጥሩምባ ነፋ። ጋሽ ዱካሞ ብቻ አልሳቁም፤ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው "ይቅር ብለሻታል?" አሏት።

"ነገ ቀሚሱን ታምጣው።"

ጋሽ ዱካሞ ወደኔ ዞሩ። "ይኼ ይቅርታ ነው?"

"ነው ጋሼ" አልኩ። "እሷ እንዲህ ነው የምትለው።"

ባዶው ወንበር ላይ ስትቀመጥ ትከሻዋ ትከሻዬን ነካው። ሁለታችንም ፈቀቅ አላልንም። ጋሽ ዱካሞ ሁለታችንን መረቁ፤ በሲዳማኛ ረዥም አድርገው ነው የመረቁት፤ የአሥራ አምስት ደቂቃው ዝግጅት አርባ ደቂቃ ሆነ። እስራኤል ግን ሰዓቱን ማየት ትቶ አፍንጫውን በሶፍት ይጠርግ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ቀሚሱን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። እንደምትቀበለኝ፣ እንደምታቅፈኝ፣ ሁለት ዓመት ያጠራቀምነውን ወሬ ቁጭ ብለን እንደምንዘከዝከው እያሰብኩ ነው የገባሁት። ሦስት ሴቶች ወረፋ ይዘዋል። ሙንተሃ መኪናዋን ሳታቆም በአገጯ አግዳሚውን አሳየችኝ።

"ተራ ያዢ" አለችኝ።

ተራዬን ያዝኩ። መኪናዋ ዛሬ እኔ ስመጣ ሳትቆም ትሰፋለች፤ እኔም እዚያው ቁጭ ብዬ ድምፁን ሰማሁ።