የሁለት ስም ፍጥረት

«ደግሞ በምን ፊታቸው መጡ?» አለች አክስቷ በሹክሹክታ። «ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። እሳቸው ባዶ እጃቸውን!»

ልጅቷ ቀና አለች። ፕሮፌሰሩ ኮፍያቸውን አውልቀው በር ላይ ቆመዋል። ለእናቷ ሞት የተሰበሰበው ለቀስተኛ ወሬውን አቋረጠ። እኚህ ሰው እናቷን ዕድሜ ልኳን ሲሞግቷት እንደኖሩ የማያውቅ አልነበረም። ልጅቷም ከእሳቸው የምትፈልገው ማጽናኛ አይደለም፤ «ልክ ነበረች» የሚል ቃል ብቻ ነው።

እናቷ የድንጋይ ተመራማሪ ነበረች። ጥንት የባሕር ኮራል የነበረውን የኖራ ድንጋይ በስሱ እየቆረጠች በማይክሮስኮፕ ታያለች። ውስጡ የአሸዋ ቅንጣት የሚያህሉ ፍጥረታት ቅሪት አለ። ፕሮፌሰሩ ክብ ሆኖ የታየውን ቅሪት አንድ ዝርያ፣ ረጅሙን ሌላ ዝርያ ብለው ሁለት ስም አወጡ። እሷ ግን «አንዲት እንስሳ ናት፤ ሁለት ያደረጋት መጋዙ ነው» አለች። ሰሚ አጣች።

ልጅቷ ትንሽ ሳለች እናቷ ወጥ ቤት ውስጥ ካሮት በአግድሙ ቆረጠች። «ይኸው ክብ።» ሌላውን በቁመቱ ሰነጠቀችው። «ይኸው ረጅም። ታዲያ ይሄ ሁለት አትክልት ነው?»

«አይደለም» አለች ልጅቷ ካሮቱን እየቆረጠመች።

«ተባረኪ! ከፕሮፌሰሩ ትሻያለሽ።» እናቷ እስኪያማት ሳቀች። ስብሰባ ላይ ግን የሚሳቀው በእሷ ነበር።

ፕሮፌሰሩ አጠገቧ ተቀመጡና ከኪሳቸው የስኳር ኩብ የምታህል ድንጋይ አወጡ።

«ድንጋዩስ ይኸው» አለች አክስቷ።

«እናትሽ ‹ስሱን ቁራጭ ይተዉትና የድንጋዩን ጥግ ከላይም ከጎንም ይሞርዱት› ትለኝ ነበር። እልኸኛ ነኝና እምቢ አልኩ። ሰሞኑን ሞረድኩት። እስቲ እዪው።»

ማጉያ መነፅራቸውን ተቀብላ አየች። ላይ ክብ ነው። ያው ክብ ጠርዙ ጋ ሲደርስ ሳይቋረጥ ታጥፎ በጎን በኩል ረጅም ሆኖ ይወርዳል።

ፕሮፌሰሩ ተነሱና ወደ ለቀስተኛው ዞሩ። «አንዲት እንስሳ ናት። እኔ ተሳስቼ ነበር፤ እሷ ረታችኝ። ትርፉ ስም እንዲሰረዝም ጽፌ ልኬያለሁ።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል!» አክስቷ ጮኸች። ከጥግ አንዱ አጨበጨበ፤ ከዚያ ሁሉም። ለቅሶ ቤት ጭብጨባ!

ልጅቷ ብድግ ብላ ወደ እናቷ መኝታ ቤት ሮጠች፤ ልትነግራት። እጀታውን ከያዘች በኋላ ትዝ አላት። ግን አልተመለሰችም፤ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«እዚህ ጋ ቆመው አንዴ ይድገሙት» አለቻቸው ፕሮፌሰሩን። «ጮክ ብለው።»