መርዶውን ያቆየንበት መውሊድ

ዐሊማ መንዙማ ስታወጣ ድቤ የምመታላት እኔ ነበርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። ስሜ ረሂማ ነው። ኮምቦልቻ ላይ በአንድ ግድግዳ ተጎራብተን ነው የኖርነው። እሷ ባሏ ከሞተ በኋላ አንድ ልጇን ዐቂልን በስፌት መኪናዋ አሳደገች። እኔ አልወለድኩም፤ ዐቂል እሷ ስትቆጣው እኔ ቤት እየመጣ የሚደበቅ ልጅ ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ የሰፈራችን ሴቶች እሷ ግቢ እንሰበሰባለን። አሥራ አራት ነን። እሷ ታወጣለች፣ እኛ እንቀበላለን። ድምጿ ጎርነን ያለ ነው፤ ግን ሰለዋት ስትጀምር አላፊ አግዳሚው አጥር ጥግ ቆሞ ይሰማል። አምና ክረምት ላይ ደሴ በአዳራሽ በሚደረገው የመውሊድ ዝግጅት የሴቶች ጀመዓ ይግባ ተባለና እኛን ጠሩን። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶን አያውቅም። ሁለት ወር ተለማመድን። ዐሊማ ለአሥራ አራታችንም አረንጓዴ ሻርፕ ሰፋችልን።

ዐቂል በዚያው ሰሞን ነው የሄደው። በባቲ አድርጎ፣ ጅቡቲ፣ ከዚያ በባሕር ወደ የመን፣ ከዚያ ሳውዲ። ስንቱ የሰፈር ልጅ የሄደበት መንገድ ነው። እናቱ ለምናው ነበር፤ እምቢ አለ። መጨረሻ የደወለው ከባሕሩ ዳር ሆኖ ነው። «እማ፣ ነገ እንሻገራለን፤ ዱዓ አድርጊልኝ» ብሏት ስልኩ ተቋረጠ።

መውሊዱ ዓርብ ሊውል ረቡዕ ቀን ሐጂ አብዱልሰላም አስጠሩኝ። የዐሊማ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ገበያው ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ። ስገባ ሱቁ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«በሩን ገርበብ አድርጊውና ተቀመጪ» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። የሙሰባሃቸውን ዶቃ እየቆጠሩ አልነበረም፤ ጨብጠው ብቻ ይዘውታል።

«ጀልባው ተገልብጧል። ሀምዲን የሚባል የሐርቡ ልጅ ተርፎ ደወለልኝ። ዐቂልን በእጁ ነው የቀበረው።»

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። አልቅሼ ስጨርስ ውሃ ሰጡኝ።

«ነገ ማለዳ ከፈጅር ሶላት በኋላ እናርዳት» አሉ። «ሽማግሌዎችን እነግራለሁ። አንቺ ቀድመሽ አጠገቧ ሁኚ።»

«ሐጂ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ መውሊዱን ይለፍላት» አልኩ። «የሁለት ቀን ነገር ነው። ከዚህ በኋላ ደስታ የት ታገኛለች?»

«መርዶ ማቆየት ደግ አይደለም፣ ረሂማ።»

«እኔ አለሁ። እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።»

ሙሰባሃቸውን ኪሳቸው ከተቱት። «እንግዲህ እህቷ አንቺ ነሽ» አሉኝ በመጨረሻ። «ቅዳሜ ፈጅር ይሁን።»

ያን ጊዜ ለእሷ አስቤ መሰለኝ። አሁን እውነቱን መናገር አለብኝ። ያለ እሷ ደሴ መግባት አንችልም ነበር፤ ሱቁ ውስጥ እያለቀስኩ እንኳ ይህ ሐሳብ በልቤ ነበር።

ወሬ መች ይታሸጋል። ሐሙስ ለመጨረሻ ልምምድ ስንገናኝ ከእሷ በቀር ሁላችንም እናውቅ ነበር። እሷ ሻርፓችንን አንድ በአንድ እያስተካከለች፣ «ነገ እንዲህ ፊታችሁን አጨፍግጋችሁ እንዳትቆሙ፤ የነቢ ልደት ነው» ትለናለች። ከመካከላችን ትንሿ አፍናን ናት፤ ዐቂል ጋር አብራ ተምራለች። ወደ ጓሮ ወስጄ ትከሻዋን ያዝኩና፣ «ብትችይ ቻይ፣ ካልቻልሽ ቅሪ» አልኳት። «እችላለሁ» አለች።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በሚኒባስ ወጣን። የሐረጎ ዳገት በጉም ታፍኗል፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ይጠመዘዛል። ዐሊማ ጋቢና ተቀምጣ ወደ እኛ ዞረች።

«ምነው? ደሴን ፈራችሁት?» ብላ ሳቀች። ሁላችንም በመስኮት ወደ ጉሙ አየን። «አብሽሩ፤ እኔ አለሁላችሁ» አለችን።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መድረክ ላይ በግማሽ ክብ ቆምን፤ ማይኩን ለእሷ ሰጧት። ቢስሚላህ ብላ ጀመረች። ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን ስታወጣ ሰምቻት አላውቅም። እኛ ስንቀበል ድምፃችን ይንቀጠቀጣል፤ ሕዝቡ ግን በመንዙማ ማልቀስ ብርቅ ስላልሆነበት አብሮን አለቀሰ። እሷ ዞር እያለች ታየናለች፤ እንባችንን ስታይ ፊቷ ይበራል። የነቢ ፍቅር መሰላት።

ያዘጋጀነውን ጨረስን። ድቤውን ላቆም ስል እጇን አንስታ «ቀጥይ» አለችኝ። በልምምድ ያልነበረ ግጥም አወጣች።

«ለሙሳ ባሕር የከፈልክ፣ መንገድ ያወጣህ ከውሃ፣
ልጆቻችንን አድርስልን፣ ከማዕበልም ከበረሃ።»

አዳራሹ በሙሉ «አሚን!» አለ። እኛም አልን። ዓይኗን ጨፍና ደገመችው። ሦስተኛው ላይ ስሙን ጠራች፤ «ዐቂሌንም አደራ፣ ያ ረቢ፣ ዐቂሌንም» አለች። አፍናን አፏን በሻርፑ ይዛ ከመድረክ ወረደች። የእኔ እጅ ድቤው ላይ ቆመ። በጸጥታው መሃል ዐሊማ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፤ እየጠበቀችኝ ነው። ምን ላድርግ? «አሚን» አልኩ። ድቤውንም መታሁ።

ስንመለስ ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። እሷ ከጎኔ ተቀመጠች። «ሰማሽ አይደል፣ ረሂማ?» አለችኝ ቀስ ብላ። «ያ ሁሉ ሰው አሚን ሲል። ዛሬስ አላህ ዱዓዬን ተቀብሎኛል። ልቤ አረፈ።» ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ እስከ ኮምቦልቻ ተኛች።

ቅዳሜ ከፈጅር በኋላ ሐጂና ሦስት ሽማግሌዎች፣ እኔም ከኋላ፣ ግቢዋ ገባን። በር ላይ ወጥታ ቆመች። በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ ሲመጣ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም።

«ዐቂል ነው?» አለች።

«አላህ ወስዶታል፣ እህቴ» አሉ ሐጂ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች። አልጮኸችም። በሩን ተደግፋ፣ «መቼ ሰማችሁ?» ብላ ጠየቀች።

ሐጂ መዋሸት አልቻሉም። «ረቡዕ።»

ወደ እኔ ዞረች። «አንቺም?»

«እኔ ነኝ ይቆይ ያልኩት» አልኳት።

ረጅም ጊዜ አየችኝ። «ልጄ አፈር ለብሶ እኔን አስዘፈንሽኝ» አለች። «በደህና አድርሰው ስል አሚን አልሽኝ።»

ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። ለቅሶው ላይ ሦስቱንም ቀን ከጓሮ ሆኜ ዕቃ አጠብኩ፣ ውሃ ቀዳሁ፤ ሳልፍ ፊቷን ታዞራለች። ጀመዓው ተበተነ። ድቤውን አልጋ ሥር ከተትኩት። በግድግዳው በኩል የስፌት መኪናዋን እሰማለሁ፤ አንዳንዴ ሲቆም እኔም ሥራዬን አቁሜ እጠብቃለሁ፤ እስኪቀጥል ልቤ አይመለስም። ሐጂ ሁለት ጊዜ ሊያስታርቁን ሞከሩ። «አልተጣላኋትም፤ ፊቷን ማየት ግን አልችልም» አለቻቸው።

ረመዷን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ዐሊማ ናት። ከስታ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ።

«ያ የሐርቡ ልጅ ተመልሷል አሉ። ልሄድ ነው። ብቻዬን አልችልም» አለችኝ። ነጠላዬን አንስቼ ተከተልኳት። እስከ ሐርቡ በሚኒባስ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀምጠን ሄድን።

ሀምዲንን እናቱ ቤት ደጃፍ ላይ አገኘነው። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፤ አንድ እግሩን ያነክሳል። ማን እንደሆነች ስትነግረው ሊሮጥ የፈለገ መሰለኝ። እናቱ አስገባችን፤ መደቡ ላይ ተቀመጥን።

«ልጄ፣ እንዴት እንደሞተ ንገረኝ» አለችው ዐሊማ።

«እማዬ፣ ምንም አልተሠቃየም። ሸሃዳውን ብሎ እንደተኛ ሰው ነው…» ዓይኑ መሬት ላይ ነው።

«አትዋሸኝ» አለች ዐሊማ። ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም። «እኔን ሰው ሁሉ ራርቶልኛል። ይበቃኛል። ያየኸውን ንገረኝ።»

ልጁ እናቱን አየ፤ እናቱ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ነገራት። ሌሊት ነበር። ዐቂል ዋና አያውቅም። የጀልባውን ስባሪ ይዞ እስኪነጋጋ ቆይቷል። ፈርቶ ነበር፤ ይጮኽ ነበር። መጀመሪያ አላህን፣ ኋላ እሷን ነበር የሚጠራው። ሀምዲን እጁን ይዞት ነበር፤ ኋላ የሀምዲን እጅ ደነዘዘና ለቀቀው። ማታውን ባሕሩ ዳር ሲያገኙት አሸዋውን በእጃቸው ቆፍረው ቀበሩት። ሶላት ሰገዱበት። ራስጌው ላይ ድንጋይ አቆሙለት።

«ፊቱን ወደ ቂብላ አዞራችሁት?»

«አዞርነው፣ እማዬ።»

«ምን ለብሶ ነበር?»

«ሰማያዊ ሸሚዝ።»

«እኔ ነኝ የሰፋሁለት» አለች። ከዚያ ተነስታ የልጁን ያችን የደነዘዘች እጅ በሁለት እጇ ይዛ ሳመቻት። ያኔ ነው የጮኸችው። አምስት ወር ሙሉ ያልወጣው ለቅሶ ወጣ፤ ጎረቤት ሁሉ መጣ። መቆም ሲያቅታት የእኔን ክንድ ያዘች፤ ጥፍሯ እስኪገባ። ይቅር ብላኝ ይሁን ወይ ቅርብ ስለነበርኩ ብቻ አላውቅም፤ አልጠየቅኋትም።

መንዙማ ዳግመኛ አላወጣችም። ዘንድሮ አፍናን ሌሎቹን ሰብስባ ጀምራለች፤ ድቤውን ወስዳ ለሌላ ሰጥታለች፤ ጥሩ ያደርጋሉ አሉ። እኛ ሁለታችን ሐሙስ ከሰዓት እሷ ቤት እንቀመጣለን። እሷ ትሰፋለች፤ እኔ ክር እቆርጥላታለሁ። አንዳንድ ቀን ስለ ዐቂል ታወራለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ የስፌት መኪናው ሳይቆም ይመሻል።