እንትፍ በያት

ጥሩነሽ ለጀመረችው እንስራ አንገት ሳታወጣለት ሰው ደጇን ሞላው። ከፊት ዘነቡ ልጇን ይማርሽን ክርኗን ይዛ ቆማለች። ከልጅቱ መዳፍ ቀይ ጭቃ እንደ ላብ እየወጣ ይንጠባጠባል። ከትናንት ጀምሮ በጠበል ቢያጥቡትም ተመልሶ ይመጣል።

የገነተ ማርያም አገር ሰው ወጡን በጥሩነሽ ድስት ይሠራል፣ ውኃውን በእንስራዋ ይቀዳል፤ ቤቷ ገብቶ ግን ጥሬ አይቆረጥምም። ሸክላ ሠሪ ናትና ቡዳ ናት ይላል። ድስቱ ግን ቡዳ አይደለም መሰለኝ።

"እንትፍ በያት" አለች ዘነቡ። "ማን በላሽ ስንላት ስምሽን ጠራች።"

የጥሩነሽ እጅ እርጥቡ እንስራ ላይ ቀረ። የበላ ሰው እንትፍ ካለ በሽተኛው ይድናል ይባላል። እንትፍ ካለች "አዎ፣ በልቻለሁ" ማለቷ ነው፤ ስሙ ለልጅ ልጆቿ ይተርፋል። እምቢ ካለች ደግሞ ሰው ገዳይ ናት። የከፋው ነገር ልጅቱን መውደዷ ነው። ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ አጥሩ ሥር ቆማ የእጇን ሥራ የምታይላት ይማርሽ ብቻ ነበረች።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ምስጋኑ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጓዶች! ቡዳ የሚባል ነገር የለም፤ አብዮቱ ሽሮታል!" አለና አንገቱ ላይ ያለውን ክታብ በኮቱ ሸፈነ። "ቢሆንም እንትፍ ብትል ምን ይጎዳል?"

"እማዬ" አለች ይማርሽ፣ "እኔ መች በላችኝ አልሁ? 'ጥሩነሽን ጥሩልኝ' ነው ያልሁ። ስሟን ስትሰሙ ጊዜ ተንጫጫችሁ፣ ሌላውን ማን ሰማኝ!"

"ምን ልታደርግልሽ?"

"ጭቃ ሲወጣኝ ጭቃ የሚያውቅ ሰው አልጥራ?"

ጥሩነሽ ተነሥታ የልጅቱን ሁለት እጆች ያዘች። ከትናንት ወዲህ ማንም መዳፏን አልነካም፤ እናቷም እንኳ። ጭቃውን በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው።

"ጠጠር የለው፣ አሸዋ የለው" አለች። "አሸተን ተራራ ድረስ ወጥቼ ብቆፍር እንዲህ ያለ አፈር አላገኝም።"

ጠርጋ ወስዳ በእንስራው አንገት ላይ ለሰነችው። ይማርሽ ኮርኩሯት ሳቀች። አዲስ ጭቃ ግን መውጣቱን አልተወም።

"እንትፍ ትበል!" አለ አንዱ ከኋላ።

"እሺ" አለች ጥሩነሽ። "የእኔ ስምስ ድሮም ጠፍቷል። ልጅቱ ትዳን እንጂ።" አፏን ከፈተች።

ዘነቡ ልጇ እንደዚያ ስትስቅ ካየች ቆይታለች። ፈጥና የጥሩነሽን አፍ በእጇ ከደነችው።

"ቆይ እስቲ። እኔ ልቅደም።"

ሽማግሌ እንደሚመርቀው አድርጋ "እንትፍ! እንትፍ! እደጊልኝ" አለች፣ በይማርሽ እጅ ላይ። ቀጥላም በጥሩነሽ እጅ ላይ እንትፍ አለች። ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ እጭቃው አጠገብ፣ ከጥሩነሽ መደብ ላይ ቁጭ አለችና ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች።

"ተራው የእርስዎ ነው፣ ጓድ ምስጋኑ። እንትፍ ይበሉ እንጂ፤ ምን ይጎዳል?"