መምህር ሀብተጊዮርጊስ ያላዩት ነገር

መምህር ሀብተጊዮርጊስ ሳይንስ ማስተማር ከጀመሩ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ከመንዝ መጥተው አርጆ ላይ ጎጆ ቀልሰው፣ ልጆች ወልደው፣ ከባላገሩ ጋር በኦሮምኛ እየተቀላለዱ ገበያ የሚውሉ ሰው ናቸው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲስሉ እጃቸው አይስትም፤ የሽንኩርት ሴልማ ዓይናቸውን ጨፍነውም ይስሉታል። በ1958 ዓ.ም. ክረምት የሳይንስ መምህራን ነቀምቴ ገብተው ስድስት ሳምንት እንዲሠለጥኑ ደብዳቤ ሲደርሳቸው፣ «እኔ ደግሞ ምን ቀረኝ?» እያሉ ነው በጭነት መኪና ተሳፍረው የሄዱት።

አሠልጣኟ ወይዘሪት ዓባይነሽ ተረፋ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላት የነቀምቴ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ተምራ መመለሷ ነው። አሥራ ሁለቱን መምህራን «አካም ጅርቱ!» ብላ ተቀበለቻቸውና ንግግር ሳታበዛ በየጠረጴዛው አንዳንድ ማይክሮስኮፕ አስቀመጠች።

«ስሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዛሬ እዩበት፤ ከዚያ ያያችሁትን ሳሉ።»

መምህር ሀብተጊዮርጊስ ማይክሮስኮፕ በመጽሐፍ እንጂ በአካል አይተው አያውቁም። ይህንንም ለማንም ተናግረው አያውቁም። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎንበስ አሉ። ጨለማ ነው። ማዞሪያውን ወዲያ ወዲህ አሉት፤ የታያቸው የገዛ ሽፋሽፍታቸው ብቻ ሆነ። ቀና ሲሉ ጎናቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ የተላጠ ሽንኩርት አዩ። ልባቸው መለስ አለ። እርሳሳቸውን አነሡና የለመዱትን የሽንኩርት ሴል አሳምረው ሳሉ።

ዓባይነሽ እየዞረች መጣች። «አዩት መምህር?»

«አየሁት እንጂ!»

ወረቀቱን አንሥታ ብዙ ተመለከተችው። ከዚያ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስዕልዎ እንዴት ያምራል! ግን እዚህ ያኖርኩት ሽንኩርት አይደለም፤ ከከተማው በታች ካለው ኩሬ የቀዳሁት ውሃ ነው» አለቻቸው። ወረቀቱን በደብተራቸው ሸፈነችና ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈች።

ፊታቸው ጋለ። ነገሩን እዚያው ቀብረውት መዋል ይችሉ ነበር። ግን ያ የልጅቱ ደግነት ከስድብ ይልቅ ከነከናቸው። ብድግ አሉ።

«ወንድሞቼ፣ እኔ ምንም አላየሁም። የሳልኩት ከመጽሐፍ ያጠናሁትን ነው። ይህችን ልጅ ዋሽቻታለሁ። ተማሪዎቼንም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላየሁትን እንዳየሁ ሆኜ ሳስተምራቸው ኖሬአለሁ።»

ከአኖ የመጣው ወጣት መምህር ታፋ እጁን አወጣ። «ኦቦ ሀብተጊዮርጊስ፣ እኔም የታየኝ ጨለማ ነው።» ሦስተኛው ተከተለ፤ አራተኛውም። ዓባይነሽ ሳቋ አመለጣት፤ ሁሉም ሳቁ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «አያያዙን ሳላሳያችሁ እዩ አልኳችሁ። ኑ፣ ወደ መስኮቱ እንጠጋ።»

ከሥር ያለችውን መስታወት ወደ ብርሃን ማዞር፣ ሌንሱን ከጎን እያዩ እስከ ታች ማውረድ፣ ከዚያ በላይ በኩል እያዩ ቀስ ብሎ ማንሣት፤ ይህን ሁሉ በየእጃቸው አስለመደቻቸው። መምህር ሀብተጊዮርጊስ እንደገና ጎንበስ አሉ። ብርሃን መጣ፤ ደበዘዘ፤ ጠራ። የጫማ ሶል የመሰለ አንድ ስስ ፍጡር ከጥግ ብቅ አለና እየተሽከረከረ አለፈ። መምህሩ ሳያስቡት ቀና ብለው ከማይክሮስኮፑ ጀርባ ፈለጉት።

«ሄደ እኮ!»

ከዚያ ወዲያ ቀድመው የሚገቡ፣ መጨረሻ የሚወጡ እርሳቸው ሆኑ። የተቃጠለ አምፑል ውስጥ ውሃ ሞልተው ማጉያ ሠሩ። በባትሪ ድንጋይና በሽቦ ሚስማር ማግኔት አደረጉ። መስከረም ላይ ለትምህርት ቤታቸው የተሰጠውን ማይክሮስኮፕ በጥጥ ጠቅልለው አርጆ ገቡ።

ስድሳ ተማሪ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ተሰልፈው በየተራ እያጎነበሱ አለፉ፤ ግማሾቹ ምንም እንዳላዩ መምህሩ ከፊታቸው ዐወቁ። በማግስቱ ክፍሉን በቡድን ከፈሉት፤ አንዱ በማይክሮስኮፑ፣ አንዱ በአምፑሉ፣ ሌላው በማግኔቱ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ሞረዳ ጫጫታውን ሰምተው በር ላይ ቆሙ።

«ክፍልዎ ገበያ ሆነ እኮ!»

«ገበያ ነው። ይግቡና ይገብዩ» ብለው ወንበር ሳቡላቸው። አቶ ሞረዳ እስከ ደወል ድረስ አልወጡም።

ኅዳር ላይ ዓባይነሽ ሠልጣኞቿን ለማገዝ ከከተማ ከተማ ስትዞር በላንድሮቨር አርጆ ደረሰችና ኋላ ዴስክ ላይ ተቀመጠች። ቀለሟ የምትባል ተማሪ በኩሬ ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረውን ፍጡር ስታይ ቆይታ ከማይክሮስኮፑ ቀና ብላ፣ «መምህር፣ ይሄ ነገር ይተኛል?» ስትል ጠየቀች።

ዓባይነሽ ወደ መምህሩ ዞረች። እርሳቸው ግን አልደነገጡም።

«አላውቅም። መጽሐፉም አይናገርም። እንዴት አድርገን እንወቅ?»

«እንጠብቀው» አለች ቀለሟ።

ተራ ገቡ። አንዱ ሲያይ ሌላው ይጽፋል፤ ሌላው ውሃው እንዳይደርቅ በገለባ ጠብታ ይጨምራል። ደወል ተደወለ፤ የሚወጣ ጠፋ። ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ነፋ። ዓባይነሽ ወጥታ «ነገ ነው የምንሄደው» አለችውና ተመልሳ መምህሩ አጠገብ ቆመች።

«ለሚመጣው ክረምት ነቀምቴ እፈልግዎታለሁ» አለች በሹክሹክታ። «በአሠልጣኝነት።»

«እመጣለሁ ልጄ። አሁን ግን ተራዬ ደርሷል» አሉና ጎንበስ አሉ።

ፀሐይ ከመስኮቱ ስትርቅ ቀለሟ ደብተሯ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አልተኛም።»