ፊት ያልያዘው ፊልም

አባቷ ከሞተ በኋላ ልጅቷን እናቷ ልብስ እየሰፋች ብቻዋን አሳደገቻት። ትምህርቷን ስትጨርስ የእናቷ ታናሽ ወንድም ፎቶ ቤቱ ውስጥ አስገባት። እሷ «ጋሼ» ትለዋለች። እሱ ግን ደንበኛ ፊት ሳይቀር «ጭጋግ» ብሎ ይጠራት ነበር፤ መጀመሪያ ያነሳቻቸው ፎቶዎች ሁሉ ብዥ ብለው ስለወጡ።

የካሜራ አያያዝ ሲያስተምር አይደግምም። «ቀዳዳው መስኮት ነው፤ ፍጥነቱ ደግሞ መስኮቱ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ። ብርሃን ሲያንስ መስኮቱን ታሰፊያለሽ ወይም ጊዜውን ታስረዝሚያለሽ። ገባሽ?»

«ገባኝ ጋሼ፤ ግን ሁለቱንም ካበዛኋቸው...»

«የገባው ሰው ‹ግን› አይልም።»

እናትየው ታማ ሰውነቷ እያለቀ ሲሄድ ልጇን ጠርታ፣ «ጉንጬ ሳይጎድል አንሺኝ። ኋላ ሰው ሬሳ መስዬ እንዳያስታውሰኝ» አለቻት።

በርጩማው ቤታቸው መስኮት አጠገብ ተደረገ፤ ጋሼም እህቱን ሊጠይቅ መጥቶ ነበር። ልጅቷ ብርሃን መለኪያውን እናቷ ፊት ላይ ይዛ ለካች፤ ማንንም ሳትጠይቅ ቀዳዳውንም ፍጥነቱንም አስተካከለች። ልትጀምር ስትል እናቷ ራሷን ዳበስ አድርጋ፣ «ነጩን ሻሼን አቀብይኝ፤ ፀጉሬ ተመናምኗል» አለች። ልጅቷ ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሻሹን ከጓዳ አመጣች፤ አሰረችላት፤ ከዚያ ደጋግማ አነሳቻት። እናቷ እንደዚያን ቀን አምራ አታውቅም።

«ፊልሙ ሳያልቅ አይታጠብም» አለ ጋሼ። «ለእናትሽ ብዬ የፊልም ማጠቢያ መድኃኒት አላባክንም።»

እናት አልጋ ላይ ሆና በየማታው ትጠይቃለች። «ደረሰ?»

«ገና ነው እማዬ።»

ሳታየው ሞተች።

ለለቅሶው ፎቶ ሲፈለግ ልጅቷ ጨለማ ክፍል ገብታ ፊልሙን አጠበችው። አውጥታ ብርሃን ላይ ስትይዘው እንደ መስታወት ወዲያ ማዶ ያሳያል። የነጩ ሻሽ ጥላ በስሱ አለ፤ ከሥሩ ፊት የለም። ዞር ስትል ጋሼ በሩ ላይ እጁን አጣጥፎ ቆሟል።

«ፍጥነቱን አይተሽ ነበር?»

«ለክቼ ነው ያስተካከልኩት!»

«አስተካክለሽ ጠረጴዛ ላይ ጥለሽው ሄድሽ። እኔ ፍጥነቱን መጨረሻው ድረስ አዞርኩት፤ ብርሃን ሳይገባ መስኮቱ ተዘጋ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ካሜራ ከእጅሽ ከወጣ፣ ዳግመኛ ሳታዪ አታነሺም።»

«እማዬ እያየችህ?»

«እያየችኝ። የማግዝሽ መስሏት ሳቀችልኝ።»

«በሕይወት እያለች ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

«ራስሽ እንድትደርሺበት ብዬ ነዋ! እንዲህ ቶሎ ትሞታለች ብዬ መቼ አሰብኩ?» አለና እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ልጅቷ እርጥቡን ፊልም እንደያዘች ለቅሶ ቤት ገባች። የሆነውን ሁሉ ዘመድ ፊት ተናገረች። የአባቷ እህት ክንዷን ጭምቅ አድርጋ ይዛ፣ «ለቅሶ ቤት ነገር አይጫርም። እሱም እህቱን ነው የቀበረው» ብላ አስቀመጠቻት። ግድግዳው ላይ የእናትየውን የመታወቂያ ፎቶ አሳድገው ሰቀሉ። ጉንጯ ላይ ማኅተም አርፎበታል፤ ዓይኗ የደነገጠ ሰው ዓይን ነው።

በሳምንቱ ልጅቷ ሥራ ገባች፤ ሌላ መሄጃ አልነበራትም። ከዚያ ወዲያ ግን እጇ ስቶ አያውቅም። ዓመታት አልፈው የራሷን ፎቶ ቤት ስትከፍት ሙሽሮች ወረፋ ይይዙላት ጀመር።

የጋሼ ልጅ ስታገባ ሠርጉን ያነሳችው እሷ ናት። ራት ላይ ጋሼ ብርጭቆውን ይዞ ተነሳና ትከሻዋን አቅፎ፣ «ይህቺን የምታዩዋትን እኔ ነኝ የሠራኋት!» አለ።

«እውነቱን ነው» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «እናቴን የገደላት በሽታ ነው፤ መልኳን ያጠፋው ግን ጋሼ ነው።»

እንግዶቹ ቀልድ መስሏቸው በሳቅ ፈረሱ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ጋሼ ነበር።